የጥጃ ቋጠሮ

ሸምሱ ሲደውልልኝ ቢሮዬ ተቀምጬ የሳምንቱን የነዳጅ ሪፖርት እያየሁ ነበር። ሸምሱ የማቅለሚያ ክፍላችን ነባር ኦፕሬተር ነው፤ የቤተሰቤን ደህንነት፣ የእናቴን ጤና፣ የልጄን ትምህርት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የማይገባ ሰው። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ሁሉ ዘለለው።

«መቅደስ፣ ጋሽ ደበሌ አረፉ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ሰርቪስ እንዲፈቀድልን አንቺ ጠይቂልን።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ የሚያሳፍረኝ፣ እፎይታ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ልነግራቸው እያሰብኩ ያልነገርኳቸው ነገር ነበር፤ ከእንግዲህ ልነግራቸው የሚገባኝ ሰው የለም ማለት ነው። እፎይታው ግን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልቆየም። ከእንግዲህ ልነግራቸው የምችለውም ሰው እንደሌለ ገባኝና ቢሮዬን ቆልፌ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ፋብሪካችን ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲወረድ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የሹራብ ጨርቅ እናነጣለን፣ እናቀልማለን፣ እናጥባለን። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጨርቅ ማቅለም የቀለም ሥራ ይመስለዋል። ውሃ የማፍላት ሥራ ነው። ጨርቁን ለማንጣት ውሃ ይፈላል፣ ይደፋል፤ ለማቅለም እንደገና ይሞቃል፣ ይደፋል፤ ትርፉን ቀለም በሳሙና ለማጠብ እንደገና ይፈላል፣ ይደፋል። ከዚያ ማለቅለቂያው አለ። አንድ ካናቴራ ገበያ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እሳት እንደነደደለት የለበሰው ሰው አያውቅም። ጋሽ ደበሌ ግን ያውቁ ነበር፤ እሳቱን የሚያነዱት እሳቸው ናቸው።

የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው፤ ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት መሬቱ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ቦይለሩ የቆመበትን ሲሚንቶ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ እያደረጉ «እዚህ ጋ የጥጃ ጋጣችን ነበር» ይሉ ነበር። ሲሉት ቁጭት አይሰማባቸውም፤ ለእንግዳ ቤት የሚያሳይ ሰው ይመስሉ ነበር። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። መዳፋቸው ሰፊ ነው፤ እኛ በቴርሞሜትር የምንለካውን እሳቸው ቧንቧውን በመዳፋቸው መታ አድርገው ይነግሩናል፤ ብዙም አይሳሳቱም።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያገኘኋቸው የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ነው። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ደግሞ ዲግሪዬ ገና ከእጄ ያልቀዘቀዘ፣ የፈረቃ ኃላፊ ተብዬ ነጭ ጋዋን የለበስኩ ልጅ ነኝ።

«ምን እየሰሙ ነው?» አልኳቸው።

«ሌባ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሌባው እንፋሎት ነበር። ተበላሽቶ በማይገጥም ክዳን፣ በላላ መጋጠሚያ ሹልክ እያለ የሚያመልጥ እንፋሎት ያፏጫል፤ በፋብሪካው ጩኸት መሃል ያንን ፉጨት በእንጨት ይሰሙታል። ካገኙት በኋላ ተጠግኖ እስኪያዩት ድረስ ምሳ አይበሉም። ጥገና ክፍል ሄደው በር ላይ ይቆማሉ። አይጨቀጭቁም፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። ከጭቅጭቅ ይልቅ እሱ ነበር ሰዎቹን የሚያስጨንቃቸው።

ቧንቧዎቹን ደግሞ አልብሰዋቸው ነበር። ከመቁረጫ ክፍል የሚጣለውን ብጥስጣሽ ጨርቅ እየሰበሰቡ፣ ላዩ ላይ ጆንያ ደርበው በሽቦ ጠፍረው፣ ከቦይለሩ እስከ ማቅለሚያው ያለውን ቧንቧ በሙሉ ጠቅልለውታል። የስፌት ክፍል ሴቶች ሲያልፉ «ጋሽ ደበሌ፣ ለቧንቧው ጋቢ ገዙለት? ለእኛስ?» ይሏቸዋል።

«እናንተ ትሮጣላችሁ፣ ትሞቃላችሁ። እሱ ግን ቆሞ ነው የሚውለው» ይላሉ እሳቸውም።

ከሁሉ የምወደው ንግግራቸው በተረት ላይ የነበራቸው ቅሬታ ነው። አንድ ቀን የሆነ ነገር ተበላሽቶ እኔ እንደ ማንኛውም ሰው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ስል ሰሙኝና ተቆጡ።

«ይሄን የተናገረው ሰው ቧንቧ መቀጠል የማይችል ሰው ነው» አሉኝ። «ለምን አይታፈስም?»

እሳቸውማ አፍሰውታል። ከማቅለሚያው ጀርባ ፋብሪካው የጣላቸው ሁለት አሮጌ የውሃ ታንከሮች ነበሩ። ጋሽ ደበሌ ከጥገና ክፍል ሰዎች ጋር ሆነው ታንከሮቹን ከፍ ባለ ብረት ላይ አስቀመጧቸውና ቧንቧ ቀጠሉላቸው። ከማሽን የሚወጣው ሙቅ ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት ቆሻሻ አይደለም። ጨርቅ ከተነጣ በኋላ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ሳሙና ቢኖርበትም ለሌላ ጨርቅ የመጀመሪያ ውሃ ይሆናል። የጥቁር ጨርቅ ማለቅለቂያ ግን ለጥቁር እንጂ ለሌላ አይሆንም። ስለዚህ አንዱ ታንከር ንጹሑን፣ ሌላው ቀለም የነካውን ይይዛል። ቀዝቃዛውን የጉድጓድ ውሃ ከዜሮ ከማፍላት ይልቅ ሞቅ ካለው ይጀመራል። «አንድን እሳት ሁለቴ ሙቁት» ይሉን ነበር። ኦፕሬተሮቹ መጀመሪያ ስቀውባቸው፣ ኋላ ማሽኑ ቶሎ እየሞቀ ሥራ ሲፈጥንላቸው ራሳቸው «ጋሽ ደበሌ፣ ሙቁን ይልቀቁልን» ማለት ጀመሩ።

ታንከሮቹ መንትያ ናቸው። የትኛው ምን እንደያዘ ከውጭ አይታወቅም፤ እንደ ሥራው ብዛትም ይቀያየራሉ፣ ትናንት ንጹሕ የያዘው ዛሬ ጥቁሩን ሊይዝ ይችላል። ምልክታቸው ጨርቅ ነበር። ውሃው ከመጣበት ጨርቅ ላይ አንድ ብጣሽ ይቀድዱና የታንከሩ ቫልቭ ላይ ያስሩታል። ነጭ ከታሰረ ንጹሕ ነው፤ ጥቁር ከታሰረ ጥቁር።

«ለምን በቀለም አይጽፉበትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ጽሑፍ ትናንት የነበረውን ነው የሚነግርሽ። ይሄ ግን ከራሱ ከውሃው የወጣ ምስክር ነው።»

ቋጠሮው የራሳቸው ነበር። አባታቸው ጥጃ ሲያስሩበት ያዩት ቋጠሮ ነው፤ በተጎተተ ቁጥር የሚጠብቅ፣ በትክክለኛው ጫፍ ከያዙት ደግሞ በአንድ እጅ የሚፈታ። ሊያስተምሩኝ ሞክረው አልሆነልኝም። አንድ ቀን የናሙና ጨርቆቼን አስሬ ጠረጴዛ ላይ ትቻቸው ሄድኩ፤ ስመለስ ጋሽ ደበሌ እስሩን አንስተው እየሳቁ ለሸምሱ ያሳዩታል።

«ኢንጂነሯ እኮ የምታውቀው የጫማ ቋጠሮ ብቻ ነው። በዚህ የታሰረ ጥጃ፣ ገና ጀርባዋን ሳታዞር እናቱ ጋ ደርሷል።»

ሌላም ነገር ነበራቸው፤ «ሌላስ?» የምትል ጥያቄ። ፈረቃ ሲቀያየር ወጪው ለገቢው የሆነውን ይናገራል፤ ይህ ማሽን እንዲህ ሆነ፣ ያ ፓምፕ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ደበሌ ሰምተው ሲያበቁ ዝም ብለው ያዩንና «ሌላስ?» ይላሉ። «ሌላ የለም» ያለ ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ከሄደ በኋላ ይመለሳል። «እ... ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ያንጠባጥባል።» ያን ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀር ያውቁ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ፤ መድረሴ ግን አይቀርም።

የውጭ ገዢዎች ሊጎበኙን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከዋዜማው ጀምሮ ፋብሪካውን ሲዞር «አንዲት ዝርክርክ ነገር እንዳላይ» እያለ አዋክቦናል። ጠዋት እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በማቅለሚያው የኋላ በር ወጣ ስል ሁለቱ ብጣሾች ከቫልቮቹ ላይ ተንጠልጥለው ውሃ ያንጠባጥባሉ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩባቸው። እነዚያ ሰዎች የተማረች መሐንዲስ በምትመራው ክፍል ውስጥ ጨርቅ በብረት ላይ ታስሮ ሊያዩ ነው። ጋሽ ደበሌ ቦይለር ቤት ነበሩ። ልጠራቸው እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ነው። አልጠራኋቸውም። ሁለቱንም ፈታሁና ጋዋኔ ኪስ ከተትኳቸው። ስፈታቸው በልቤ ይዣለሁ፦ ነጩ በግራ፣ ጥቁሩ በቀኝ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ከምሳ በኋላ እጄን ኪሴ ስከት ብጣሾቹን አገኘኋቸው። ያን ጊዜ በቦይለር ቤቱ በኩል እየመጣሁ ነበር። ማንም ሳያይ ቶሎ ብዬ ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ አሰርኩ። ጠዋት የፈታኋቸው በማቅለሚያው በኩል ቆሜ እንደነበር ትዝ አላለኝም። ከዚያ በኩል ግራ የነበረው ከዚህ በኩል ቀኝ ነው። አምስት ዓመት ተምሬ ግራና ቀኜን ሳትኩ።

ከሰዓት የገባው ጨርቅ ለሕፃናት ልብስ የሚሆን ፈዛዛ ቢጫ ነበር፤ ያውም የእነዚያው ገዢዎች ትእዛዝ። ሸምሱ ለመጀመሪያው ውሃ «ጋሽ ደበሌ፣ ሙቁን!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ደበሌ በእንፋሎቱ መሃል ነጩን ጨርቅ አዩና ያንን ታንከር ከፈቱት። ጥቂት ቆይቶ ሸምሱ በማሽኑ መስኮት ሲያይ ውሃው አመድ መስሏል። ማሽኑን አቆመ። ጨርቁን ጎትተን ስናወጣው የለየለት ግራጫ ነበር፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ነጣ ያለ፣ ዥጉርጉር።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ሁላችንም ታንከሮቹ ሥር ቆመናል።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ጥቁር ውሃ መሆኑን አታውቅም?»

«ነጭ ነበር የታሰረበት።»

«ማን ነው ነጭ ያሰረበት?»

ጋሽ ደበሌ ወደ ቫልቩ ሄዱ። ነጩን ብጣሽ ያዙት፤ ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበርና ፊታቸውን አላየሁትም። ከዚያ ጨርቁን ፈቱትና መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት። ታንከሩ የእኔ፣ ምልክቱ የእኔ ነው» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ይህን ሸምሱ ያስታውሰዋል፣ አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ጨርቁን መልሰን በጥቁር ብናቀልመው ይተርፋል» የሚል ነው። ቴክኒካዊ ሐሳብ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁም «ቢያንስ አንድ የሚያስብ ሰው አለ» አለ፤ ወደ እኔ እየተመለከተ።

በዚያው ሳምንት ታንከሮቹ በብየዳ እሳት ተቆራርጠው ተጫኑ። የቧንቧዎቹም ጋቢ «ዝርክርክ» ተብሎ ተገፈፈ። ጋሽ ደበሌ ከቦይለር ቤት ተነሥተው በር ላይ ጥበቃ ሆኑ። የውሃ መውረጃው ቦይ በበሩ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ጠዋት ጠዋት ሙቁ ውሃ ወደ ወንዙ ሲወርድ ቦዩ ይጨሳል፤ እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመው ያዩታል። እየገባሁ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ «ያ ዋቃ! ይሄን ሁሉ እሳት» ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሳቸውና ለፈጣሪያቸው ነው።

ለምን አልተናገርኩም? በመጀመሪያው ሳምንት ስለፈራሁ ነው። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር፤ እናቴ የምትኖረው በእኔ ደሞዝ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ አለፈና ምክንያት መጣ። እሳቸው ራሳቸው የተሳሳቱ መስሏቸዋል፣ አርጅተዋል፣ ለምን አስታውሳቸዋለሁ አልኩ። የጥበቃ ሥራ ይቀላል፣ ከሙቀት ወጡ አልኩ። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲቆም ክርክር አያጣም። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ ግን በየዓመቱ እየከበደ የሚሄድ ተራ ድንጋይ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ያ ሥራ አስኪያጅ ሄደ፣ ሌላ መጣ። የቦይለሩ ነዳጅ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣው፣ አንዴ ሲጠፋ አንዴ ሲወደድ፣ ቦይለር እየጠፋ ሠራተኛ ወደ ቤቱ የሚሸኝበት ቀን በዛ። ማቅለሚያው ይዘጋ የሚል ወሬም ተነሣ። ያኔ መሣሪያ የያዙ ባለሙያዎች መጡና ፋብሪካውን ለኩት። ቧንቧውን በካሜራ ፎቶ እያነሡ ሙቀት የሚያመልጥበትን በቀይ አሳዩን። ሪፖርታቸው ወፍራም ነው፤ ጭብጡ ግን ይኸው ነው፦ ቧንቧዎቹን አልብሱ፣ የሚያፏጨውን ዝጉ፣ ሙቁን ማለቅለቂያ አትድፉ፣ በታንከር ሰብስባችሁ መልሱት። ያንን ሪፖርት አሥር ቃል በማይሞላ አማርኛ ሰምቼው ነበር።

ሥራውን እንድመራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። የማይዝጉ አዳዲስ ታንከሮች መጡ፤ የውሃቸውን ዓይነትና ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ያላቸው። ማቅለሚያው ከመዘጋት ተረፈ። በምረቃው ቀን ንግግር አደረግሁ፣ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ፣ ባለሙያዎቹን አመሰገንኩ። የአንድ ሰው ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስሙን ብጠራ «ታዲያ የዚያኔው ለምን ፈረሰ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ስወጣ ጋሽ ደበሌ በሩን ከፈቱልኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ተመለሱ አይደል ታንከሮቹ?»

«ተመለሱ፣ ጋሽ ደበሌ።»

«ምልክታቸው ምንድን ነው አሁን?»

«በስክሪን ነው። ራሱ ይጽፋል።»

«ጥሩ ነው» አሉ። በሩን እየዘጉ ነበር። «እሱን ማንም አይፈታውም።»

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ቃሊቲ እስክደርስ ያቺ ቃል አልለቀቀችኝም። ያውቁ ይሆን? ብዬ ጠየቅሁ። ቢያውቁማ ይናገሩ ነበር ብዬ ራሴው መለስኩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ለገናና ለፋሲካ እጠይቃቸው ነበር። ቤታቸው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ ከድሮው መንደር በቀረው ቁራሽ ላይ ነው። አንዲት ላምና ጥጃ ነበራቸው፤ ጥጃዋ በዚያው ቋጠሮ ታስራ ሳያት ዓይኔን አሸሻለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ያስቀምጡኛል፣ ያበሉኛል፤ ብዙ አያወሩም፣ ሲያዩኝ ግን አተኩረው ነው የሚያዩኝ። ጋሽ ደበሌ ስለ ፋብሪካው ይጠይቁኛል። ስለ ባልደረቦቻችን፣ ስለ ቦይለሩ። ስነሣ እስከ ባጃጁ መቆሚያ ይሸኙኛል። ባጃጁ ሲመጣ እጄን ይዘው «ሌላስ?» ይሉኛል።

«ሌላ የለም፣ ጋሽ ደበሌ። ደህና ይሁኑ።»

ፈረቃ እንደማስረክብ እየመሰለኝ፣ የድሮ ልማዳቸው ነው እያልኩ። በገና «ሌላስ?»፣ በፋሲካ «ሌላስ?»። የባለፈው ፋሲካ እንኳ እግራቸው አብጦ በምርኩዝ ነበር የሸኙኝ። እጄን ከወትሮው አስረዝመው ያዙት። ባጃጁ ክላክስ ሲያደርግ ገባሁ።

ቀብሩ ላይ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ነበር። የጥንቶቹ የጥገና ሰዎች፣ የስፌት ሴቶች፣ ሸምሱ። ከመቃብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ቀረበ፤ ሰርቪሱ እስኪነሣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ጋሽ ደበሌ ያወራሉ። አንዱ እያዘነ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ያቺን አንድ ስህተት ባይሠሩ ኖሮ እኮ ትልቅ ቦታ ይደርሱ ነበር።» ሌላውም «ሰው ናቸው፣ ይሳሳታሉ» አለ።

መቀመጥ አልቻልኩም። እትዬ ጫልቱ ወደ ተቀመጡበት ፍራሽ ሄጄ ተንበረከክሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት ልል ነበር። የወጣው ሌላ ነው።

«እትዬ ጫልቱ፣ ጋሽ ደበሌ አልተሳሳቱም። ጨርቁን አቀያይሬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ እያየሁ ዝም ያልኩት።»

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እጄን ያዙኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «እሱም ያውቅ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጨርቋን በኪሱ ይዟት መጣ፤ እንዴት ታስራ እንደነበር መልሶ እየቋጠረ አሳየኝ። 'የጫማ ቋጠሮ ነው፣ የልጅቷ ነው' አለኝ። ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮህኩበት። 'ገና ሥራ መያዟ ነው። እኔ በር ላይም ቆሜ እበላለሁ። ደግሞ ልቧ ክፉ አይደለም፣ ራሷ ትነግረኛለች' አለ።»

እጄን እንደያዙ ቀጠሉ።

«በየበዓሉ ሸኝቶሽ ሲመለስ እዚች በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። 'ነገረችህ?' እለዋለሁ። 'ለገና አልሆነላትም፤ ለፋሲካ ትነግረኛለች' ይላል። ፋሲካ ይመጣል፤ 'ለገና' ይላል። ባለፈው ሳምንት መነሣት አቅቶት ተኝቶ፣ በር ሲንኳኳ 'መቅደስ ናት?' አለኝ። የጎረቤት ልጅ ነበረች።»

ግንባሬን ጉልበታቸው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ጀርባዬን እየዳበሱ ቆዩ፤ ባል የሞተብኝ እኔ ነኝ እስክል ድረስ አጽናኑኝ። ከዚያ ግን አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ዓይናቸው ደርቋል። በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠሙ የጋሽ ደበሌን ስህተት በርኅራኄ የሚያነሡትን ሰዎች አሻግረው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ለእኔ ነገርሽኝ» አሉ። «ሌላስ?»

ውጭ የሰርቪሱ ሹፌር ሞተር አስነሥቶ ነበር። ሰዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መነሣት ጀምረዋል። ሸምሱ ዞር ብሎ «እንሂድ እንዴ?» አለኝ።

«ሸምሱ፣ አንድ ጊዜ ተቀመጥ» አልኩት። «ሁላችሁም አንድ ጊዜ ተቀመጡልኝ።»

ከተንበረከክሁበት ተነሣሁ።